ኮንቴይነር በሚቆራረጥ መስመር፦ ከጎጃም የተመዘገበ አንድ ጉዳይ

ዳራ

በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የእህል ግዢ መመዝገቢያ ይሠራ ነበር። ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። ገበሬው በቆሎውን ጭኖ መጋዘን ይመጣል፤ እህሉ ይመዘናል፤ ስሙ፣ ቀበሌው፣ ኪሎውና ዋጋው ይመዘገባል፤ በታተመው ደረሰኝ ላይ ይፈርማል፤ ገንዘቡን ይቀበላል። ማታ ላይ የሒሳብ ክፍሉ የቀኑን ግዢ ደምሮ ያያል። እስከዚያ ድረስ ይህ ሁሉ በካርቦን ደረሰኝና በኤክሴል ነበር የሚሄደው።

ቡድኑ አምስት ሰው ነው። ሦስቱ ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መጋዘኑ ባለበት አነስተኛ ከተማ ነው። አንዷ ባሕር ዳር ናት። የማንንም ስም አልጠራም፤ የዩኒየኑንም የከተማዋንም ትቼዋለሁ። እኔ የገባሁት በአማካሪነት ነው፤ ፕሮጀክቱ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚነሳበትን መንገድ አብሬ ላበጅ። መንገዱም ኮንቴይነር ሆነ፤ ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስነሳ ዘዴ ነው።

የወቅቱን ሁኔታ ሳይናገሩ ቀጥሎ ያሉትን ውሳኔዎች ማስረዳት አይቻልም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። ቡድኑ መስመር የሚያገኘው ባለገመድ ኢንተርኔት ባላቸው ጥቂት ቢሮዎች በልመና ነው። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድም አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ነው። መብራት እንደልቡ ይሄዳል ይመጣል። የበቆሎው ግዢ ደግሞ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የሚጧጧፍ በመሆኑ ዩኒየኑ ታኅሣሥ ሳይገባ ሥራውን መጋዘን ውስጥ ማየት ፈልጓል።

ችግሩ

መሣሪያዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን 3.11፣ የድረ ገጽ ማዕቀፉ ጃንጎ 4.2፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 15፣ ደረሰኙን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው ዊዚፕሪንት። ላፕቶፖቹ ግን አምስት ዓይነት ነበሩ። የቡድኑ መሪ ኡቡንቱ ትጠቀማለች፤ እሷ ጋ ሁሉም ነገር ይነሳል። ሁለቱ ዊንዶውስ 10 ላይ ናቸው፤ ኮዱ ይነሳላቸዋል፣ ደረሰኝ አትም ሲሉት ግን ይወድቃል። ዊዚፕሪንት ጽሑፉን ገጽ ላይ የሚደረድርለት ፓንጎ የሚባል ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ፓንጎ ዊንዶውስ ላይ የፓይተን ፓኬጅ በሚጭነው ፒፕ ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም። አራተኛው ላፕቶፕ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ነው፤ ፖስትግሬስና ብሮውዘር አንድ ላይ ከተከፈቱበት ይተነፍሳል።

አምስተኛው የአዲሱ ልጅ ነው። በጥቅምት ከአዲስ አበባ ሲመጣ የቅርቡ ይሻላል ብሎ ፓይተን 3.12ን ጭኖ መጣ። ያ ቨርዥን የወጣው መስከረም 21 ቀን 2016 ነው። ዲስትዩቲልስ የሚባለው የድሮ ሞጁል ከውስጡ ተነስቷል፤ ፕሮጀክቱ ላይ ቨርዥኑ የተቆለፈው የፖስትግሬስ ማገናኛም ለ3.12 አስቀድሞ የተጠናቀረ ፋይል አልነበረውም። ፒፕ ከምንጭ ኮዱ ልሥራው ብሎ የማይክሮሶፍትን የሲ ፕላስ ፕላስ መሣሪያ ጠየቀ፤ እሱ ደግሞ በጊጋባይት የሚቆጠር ማውረድ ነው። ደህና መስመር ያለው ሰው ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ የጎደለ ፋይል ላፕቶፕ ተሸክሞ የሰው ቢሮ ደጅ መጥናት ነው፤ ቢሮው ደርሶም መብራት ሊኖር ላይኖር ይችላል።

«እኔ ጋ'ኮ ይሠራል» የሚለው ንግግር በየቀኑ ይሰማ ነበር። ሁሉም እውነቱን ነው።

ለምን ኮንቴይነር

ሦስት አማራጭ ታየ። የመጀመሪያው የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ነው። እሱ የፓይተን ፓኬጆችን ይለያል እንጂ ፓንጎንና ፖስትግሬስን አይነካም፤ ችግሩ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነገር፣ አዘጋጅቶ ማከፋፈል ነው። መጠኑም ሜሞሪውም ከአቅም በላይ ሆነ።

ሦስተኛው ኮንቴይነር ነው። ኮንቴይነር የራሱ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የለውም፤ የማሽኑን የሊኑክስ ከርነል ይጋራል። የራሱ የሚሆኑት የፋይል ሥርዓቱ፣ ኔትወርኩና የሚያያቸው ፕሮሰሶች ናቸው። መለየቱን ኔምስፔስ፣ ሜሞሪና ፕሮሰሰር መገደቡን ሲግሩፕ የሚባሉት የከርነሉ ክፍሎች ይሠሩታል። ዶከር የተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ እነዚህን ነባር ነገሮች በአንድ ትእዛዝ የሚነሱ አደረጋቸው፤ ፕሮግራሙን ከነላይብረሪው የሚያሽግ ኢሜጅ የተባለ ጥቅልም አበጀላቸው። ለዚህ ቡድን ዋናው ቁም ነገር ኢሜጁ ነው። ኢሜጅ ፋይል ነው፤ ፋይል ደግሞ በፍላሽ ይሄዳል።

ላፕቶፖቹን ማዘጋጀት

ዊንዶውስ ላይ የሊኑክስ ከርነል ስለሌለ ዶከር ደብሊውኤስኤል 2 በሚባል ቀለል ያለ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው የሚነሳው። ለዚህ ቨርቹዋላይዜሽን ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ላይ መከፈት አለበት። ያገለገሉ ሆነው የተገዙት ላፕቶፖች ላይ ተዘግቶ ተገኘ። ታስክ ማናጀር ከፍቶ የፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ሲፒዩን ሲጫኑ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ተጽፎ ይታያል፤ ማንም ምንም ከመጫኑ በፊት ይህን ቢያይ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሜሞሪም ተገደበ። ደብሊውኤስኤል ካልተነገረው የማሽኑን ግማሽ ሜሞሪ ያህል ሊይዝ ይችላል። 8 ጊጋባይት ባላቸው ላፕቶፖች ላይ በቅንብር ፋይሉ 3 ጊጋባይት ተሰጠው፤ ለዚህ ፕሮጀክት በቃው። ዶከር ዴስክቶፕ ለአነስተኛ ድርጅት በነፃ የተፈቀደ ቢሆንም ማውረጃው ከባድ ስለሆነና ዝማኔውም ስለማያልቅ ተትቶ፣ ክፍት ምንጭ የሆነው ዶከር ኢንጂን ደብሊውኤስኤል ውስጥ ባለው ኡቡንቱ ላይ ተጫነ።

4 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ግን በዚህ መንገድ አልሆነም። ዊንዶውሱ ተወግዶ ኡቡንቱ ገባበት፤ ሊኑክስ ላይ ዶከር መሃል ላይ ቨርቹዋል ማሽን ስለማያስፈልገው ሸክሙ ወዲያው ቀለለ። ባለቤቱ ፓወር ግዕዝ ይቀርብኛል ብሎ ትንሽ አንገራገረ። ኡቡንቱም በአይባስ በኩል አማርኛ ይጽፋል፤ ጣቱ እስኪለምድ ነው።

እርሾው

የዚህ ጉዳይ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የተጻፈው ዶከርፋይል፣ የኢሜጁን አሠራር የሚዘረዝረው ፋይል፣ እንደማንኛውም ናሙና ነበር፦ የፓይተኑን ኢሜጅ አምጣ፣ ኮዱን ቅዳ፣ ፓኬጆቹን ጫን። ኢሜጅ የሚሠራው ሌየር በሌየር፣ ድርብርብ ሆኖ ነው፤ አንዱ ሌየር ከተነካ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ እንደገና ይሠራል። ኮዱ ከፓኬጆቹ በፊት ከተቀዳ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስትቀየር ፓኬጆቹ በሙሉ እንደገና ይወርዳሉ። በቂ መስመር ያለው ሰው ይህን እንደ መዘግየት ያየዋል። እዚህ ሥራውን ያቆመዋል። የመጀመሪያው ማስተካከያ የታወቀው ነው፤ የፓኬጆቹ ዝርዝር ብቻ ቀድሞ ይቀዳ፣ ይጫን፣ ኮዱ በመጨረሻ ይምጣ።

ያ ግን አልበቃም። አንድ አዲስ ፓኬጅ በተጨመረ ቁጥር አምስቱም ሰዎች መስመር ፍለጋ ይወጣሉ። ስለዚህ ነገሩ በኢሜጅና በኮድ ለሁለት ተከፈለ። የታችኛው ቶሎ ቶሎ የማይቀየረውን ሁሉ ይይዛል፦ ፓይተኑን፣ ፓንጎን፣ ፎንቶቹን፣ የፓይተን ፓኬጆቹን። ኮዱ ከነጭራሹ ኢሜጅ ውስጥ አይገባም፤ ከላፕቶፑ ፎልደር ወደ ኮንቴይነሩ በቀጥታ ይታያል። የቡድኑ መሪ የታችኛውን ኢሜጅ «እርሾ» አለችው፣ ስሙም ጸና። አንድ ቤት ይዘጋጃል፣ ሌላው ቤት ከዚያ ወስዶ ያቦካል። መለያው ዓመትና ወር ሆነ፤ የኅዳሩ «እርሾ 2016-03» ተባለ።

መነሻ ኢሜጁ ላይ ክርክር ነበር። ሙሉው የፓይተን ኢሜጅ ተፈትቶ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። «ስሊም» የሚባለው ከ150 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። አልፓይን የሚባለው ትንሽ ሊኑክስ መነሻው 5 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሲ ላይብረሪው ከተለመደው ጂሊብሲ ይለያል። ለተለመደው የተጠናቀሩ የፓይተን ፓኬጆች እዚያ አይሄዱም፣ አልፓይንን የሚያስብ ፋይል ያላዘጋጀው ፓኬጅ ሁሉ ከምንጭ ልጠናቀር ይላል። ከዚያ ኮምፓይለር ማውረድ ይመጣል፤ የተቆጠበው ሜጋባይት ሁሉ በዚያ ይበላል። ስሊም ተመረጠ።

እርሾው የሚሠራው ባሕር ዳር ነው። እዚያ ያለችው ልጅ አንድ ቢሮ ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ባለገመድ መስመር እንድትጠቀም ተፈቅዶላታል። በመጀመሪያው ሳምንት ኢሜጆች የሚወርዱበት ዶከር ሃብ «ብዙ ጠይቃችኋል» ብሎ መለሰላት። ዶከር ሃብ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባወጣው ገደብ ሳይመዘገብ የሚያወርድ ሰው በ6 ሰዓት ውስጥ 100 ጊዜ ብቻ ይፈቀድለት ነበር፤ የሚቆጠረውም በአይፒ አድራሻ ነው። የግቢው ሰው ሁሉ በአንድ አድራሻ ስለሚወጣ የሌላው ሰው ማውረድ በእሷ ላይ ተቆጠረ። ነፃ አካውንት ከፍታ ስትገባ ቆጠራው በስሟ ሆነ፣ ነገሩ አበቃ።

የፓይተን ፓኬጆቹ ላይ አንድ የሚጠቅም እንቅፋት ገጠመ። ፓኬጆቹ አስቀድመው ወደ አንድ ፎልደር ወርደው ነበር፣ ኋላ ያለ መስመር እንዲጫኑ። ኮንቴይነሩ ግን «የሚስማማ ፓኬጅ የለም» አለ። ፎልደሩ ሲታይ ፋይሎቹ አሉ። የወረዱት ግን ከዊንዶው ፒፕ ነው፤ ፒፕ የሚያወርደው ለቆመበት ማሽን የተጠናቀረውን ነው። ማውረዱ ራሱ ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሲደረግ የሊኑክሱ ፋይል መጣ።

ኢሜጁ ሲያልቅ «ዶከር ሴቭ» በሚባለው ትእዛዝ ከፖስትግሬሱ ጋር በአንድ ፋይል ይጠቀለላል፣ ይጨመቃል፣ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል። ብዙ ፍላሽ ፋት 32 ሆኖ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የመጀመሪያው ጥቅል ሳያስፈልግ የገቡ ኢሜጆች ስለነበሩበት እዚያ ላይ ቆመ። ፍላሹ ወደ ኤክስፋት ተቀየረ፣ ጥቅሉም ቀጠነ። ፍላሹ ከተጠቀለለ በኋላ መንገድ ክፍት በሆነ ቀን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይላካል፤ መጀመሪያ መጋዘኑ ያለበት ከተማ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ።

ከመጫን በፊት የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ዳታ ባይኖርም ስልክ ይሠራ ነበር። ባሕር ዳር ያለችው ልጅ የፋይሉን ሻ 256 ቁጥር (ከይዘቱ የሚሰላ የፋይሉ አሻራ) አውጥታ መዝገቧ ላይ ትጽፋለች፤ መጋዘኑ ጋ ያለው ልጅ ፍላሹ ሲደርሰው ያንኑ ያወጣና ይደውላል።

«መነሻው ዘጠኝ፣ ሲ፣ አራት፣ አራት። መጨረሻውስ?»

«ሰባት፣ ኤፍ፣ ዜሮ፣ ሁለት።»

«በቃ ጫነው፣ ደህና ደርሷል።»

አንድ ጊዜ ቁጥሩ ሳይገጥም ቀረ። ፋይሉ ሳያልቅ ፍላሹ ተነቅሎ ነበር። ያለዚህ ጥሪ ቢጫን ኖሮ የተበላሸው ኢሜጅ ነው ወይስ ኮዱ ሲባባሉ ይውሉ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላለው ክፍል አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ላይ የዶከር ሬጂስትሪ (የኢሜጅ ማከማቻ) ተነሳ። ሦስቱ ላፕቶፖች በርካሽ ስዊች ከእሱ ይወስዳሉ፤ የተቀየረው ሌየር ብቻ ስለሚሄድ ጊዜ አይፈጅም። ሬጂስትሪው ሰርተፊኬት ስለሌለው ዶከር መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ከጀርባ በሚሠራው የዶከር ዴመን ቅንብር ውስጥ አድራሻውን በተፈቀዱት ዝርዝር ማስገባት ይገባል። ይህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላለ ኔትወርክ ብቻ የሚደረግ ነው።

ፊደል የሌለው ደረሰኝ

ኮንቴይነሩ በሁሉም ማሽን ላይ ከተነሳ በኋላ ናሙና ደረሰኝ ታትሞ ለሒሳብ ሹሙ ቀረበ። ቁጥሩ በትክክል አለ። የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ «ተረካቢ» የሚለው ሁሉ ግን ባዶ ሳጥን ነው። ሒሳብ ሹሙ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርገው አዩት።

«ይኸ ሳጥን ሳጥኑ ምንድን ነው? ገበሬው ስሙን ሳያይ በምኑ ላይ ይፈርማል?»

«ጋሼ፣ ስሙ ውስጥ አለ፣ ፊደሉን የሚሥለው ነው የጎደለው። አስተካክለን እናመጣልዎታለን» አለች የቡድኑ መሪ።

እውነቷን ነው። የግዕዝ ፊደል ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የፊደላት ኮድ ሥርዓት ውስጥ አለ፤ ዳታቤዙም ስሙን በትክክል ይዟል። ዲዛይኑ ላይ የተጠራው ፎንት ኒያላ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ይገኛል፣ መሪዋም ላፕቶፕ ላይ ሌላ የአማርኛ ፎንት ስላለ ተተክቶ ይታይ ነበር። ስሊም ኢሜጅ ውስጥ ግን አንድም የአማርኛ ፎንት የለም። የሳጥኑ ምክንያት ይህ ነው። በሳጥን ፈንታ የጥያቄ ምልክት ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ወደ ኢንኮዲንግ ይሄድ ነበር፤ ሁለቱን መለየት ጊዜ ያተርፋል።

«አቢሲኒካ ሲል» (Abyssinica SIL) የሚባለው የአማርኛ ፎንት ተመረጠ። ፈቃዱ ከፕሮጀክት ጋር አብሮ ማሰራጨትን ስለሚፈቅድ የፎንቱ ፋይል ከኮዱ ጋር አብሮ ተቀመጠ፣ ዲዛይኑም ፎንቱን ከማሽኑ ሳይሆን ከዚያ ፋይል እንዲጠራ ተደረገ። ፊደሉ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የመስመሮቹ ቁመት ከኒያላው ስለሚበልጥ የፊርማው መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ወረደ፤ በኤ5 ወረቀት ላይ ለአንድ ፊርማ ሌላ ወረቀት ይወጣል። የመስመር ቁመቱ ዲዛይኑ ውስጥ በቁጥር ሲወሰን ተስተካከለ። ሒሳብ ሹሙ ሁለተኛውን ናሙና አይተው የገበሬው ስም ጎላ ይበል ብቻ አሉ።

ኮንቴይነር ባይኖር ይህ ጉድለት የሚታየው መጋዘኑ ማሽን ላይ፣ ገበሬው ቆሞ ነበር። ቡድኑ ከኮንቴይነር ያገኘው ትልቁ ጥቅም በእኔ ግምት ይህ ነው።

ያልሠሩ ነገሮች

ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው መስመር እንደ ውሃ ለሚፈስለት ሰው የተጻፈ ነው። ከሁሉ የከፋው ዲስክ ሲሞላ የሚሰጠው ምክር ሆነ። የደብሊውኤስኤል ዲስክ ፋይል እያደገ ይሄዳል፣ በራሱ አይቀንስም። ከአባላቱ አንዱ «ዶከር ሲስተም ፕሩን» የሚለውን ትእዛዝ ሁሉንም ከሚያጠፋው ምርጫ ጋር ሰጠ። ትእዛዙ ኮንቴይነር ያልያዘውን ኢሜጅ በሙሉ ይሰርዛል። ኮንቴይነሮቹ ቀድመው ተዘግተው ስለነበር እርሾውም ፖስትግሬሱም አብረው ሄዱ። መልሶ ማውረድ ለሌላው ሰው ደቂቃዎች ነው፤ እሱ ግን ፍላሹ እስኪመለስ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ያ ምርጫ ተከለከለ፤ ማጽዳት የሚፈቀደው ስም የሌላቸውን ኢሜጆችና የግንባታ ካሹን ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው የፖስትግሬስ ነገር ነው። ኮንቴይነሮቹን አንድ ላይ የሚያስነሳው የኮምፖዝ ፋይል ላይ ቨርዥን ሳይሆን «ሌተስት» (የቅርቡ) ተብሎ ነበር። መስከረም 3 ቀን 2016 ፖስትግሬስ 16 ወጣ። ከዚያ በኋላ የተጠቀለለው ፍላሽ 16ን ይዞ መጣ፤ ላፕቶፖቹ ላይ ያለው ዳታ ደግሞ በ15 የተፈጠረ ነው። ፖስትግሬስ በትልቁ ቁጥር የሚለያዩ ቨርዥኖችን የዳታ ፎልደር ስለማይጋራ «የዳታቤዙ ፋይሎች ከሰርቨሩ ጋር አይስማሙም» ብሎ ቆመ። ዳታው አልጠፋም፤ 15 ሲመለስ ተነሳ። የቨርዥን ቁጥር ከዚያ ወዲህ እስከ ትንሹ አኃዝ ይጻፋል።

ቪኤስ ኮድ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ኮንቴይነሩ ውስጥ ከፍቶ መሥራትም ተሞከረ፣ ተተወም። ኤዲተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ የራሱን ሰርቨር ያወርዳል፤ ኤዲተሩ በተዘመነ ቁጥርም እንደገና። ኮዱን ከውጭ መጻፍና ውስጥ ማስነሳት ይሻላል ተባለ።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ከናሙና የተቀዳ ዶከርፋይል አናት ላይ «ሲንታክስ» የምትል መስመር ካለች ግንባታው ከዶከር ሃብ አንድ ተጨማሪ ኢሜጅ ይፈልጋል፤ ያለ መስመር ያቆማል፤ ተሰረዘች። አንድ ሰው በ«ሴቭ» ፈንታ «ኤክስፖርት» ተጠቅሞ የመነሻ ትእዛዙና ቅንብሩ የጠፋበት ጥቅል አመጣ። ዊንዶው ላይ የተቀመጠ የማስነሻ ስክሪፕት ፋይሉ እያለ «ፋይሉ የለም» የሚል ኢረር አወጣ፤ ምክንያቱ የዊንዶው የመስመር መጨረሻ ነው፤ ጊት ስክሪፕቶቹን በሊኑክሱ ዓይነት እንዲያስቀምጥ ተነገረው። ፕሮጀክቱ ሲ ድራይቭ ላይ ተቀምጦ ከደብሊውኤስኤል ሲነበብ ይንቀራፈፋል፤ ወደ ኡቡንቱው ፎልደር ሲዛወር ፈጠነ። ጃንጎ ዳታቤዙን «ሎካልሆስት» ብሎ ሲፈልግ ራሱን ነው የሚያገኘው፤ በሰርቪሱ ስም መጥራት ይገባል። ፖስትግሬሱ ሳይነቃ ጃንጎ ቀድሞ ሲነሳም ይወድቃል፤ የመነሻ ቅደም ተከተል መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ ዝግጁ መሆኑን የሚጠይቅ ምርመራ ይጨመር።

ውጤቱ

መጨረሻ ላይ አዲስ ሰው ሲመጣ የሚሰጠው አንድ ፍላሽና አንድ ገጽ ወረቀት ሆነ። ከታኅሣሥ በፊት መጋዘኑ ማሽን ላይ የገቡትም እነዚያው ኢሜጆች ናቸው። ማሽኑ ላይ ኮንቴይነሮቹ ከመብራት መጥፋት በኋላ በራሳቸው እንዲነሱ ተቀናበሩ። ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ዳታው ከማስገባቱ በፊት መዝገብ ላይ ስለሚጽፍ፣ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ያለቀውን ግብይት ከመዝገቡ መልሶ ያነሳል። ይህ በግዢው ወቅት ተፈትኗል። ዳታው ስም ባለው ቮሊዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ በሚቆይ ማከማቻ) ላይ ነው ያለው፤ ቡድኑ ቮሊዩምን የሚያጠፋውን የ«ዳውን» ምርጫ መጋዘን ማሽን ላይ ማንም እንዳይሰጥ ወረቀቱ ላይ በቀይ ጽፎታል።

ያልተሻሻለው ፍጥነት ነው። 8 ጊጋባይት ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ከብሮውዘር ጋር ሲሆን አሁንም ይከብዳል። አንዱ አባል ለትንንሽ ሥራ ከኮንቴይነር ውጭ ፓይተኑን ብቻ ማስነሳቱን አልተወም፤ እኔም አላስተወውም፣ ከመላኩ በፊት ኮንቴይነሩ ውስጥ እስከሞከረው ድረስ።

ለሌላ ቡድን

በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ያለ ቡድን ይህን ሲሞክር ከዶከርፋይሉ በፊት ኢሜጁ በምን መንገድ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ይወስን እላለሁ። ማን ይሠራል፣ የት ይሠራል፣ በምን ይላካል፣ ሲደርስ በምን ይረጋገጣል። ይህ ካልታወቀ ጥሩ ዶከርፋይል አንድ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ይላል።

ኮምፖዝ ፋይሉ ተጽፎ ሲያልቅ የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ፣ ዋይፋዩን ዘግቶ ከባዶ ማስነሳት ይገባል። የተደበቀ ማውረድ ሁሉ በዚያ ይወጣል። በአማርኛ የሚያትም ሥራ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ሙከራ የመግቢያ ገጹ ሳይሆን የሚታተመው ወረቀት ይሁን። እርሾው ከአንድ ማሽን በላይ ላይ ይቀመጥ፤ ያለፈው ወር ጥቅልም አዲሱ እስኪፈተን አይጥፋ።

ያልተዘጋው ጥያቄ

ኢሜጅን መቆለፍ የጸጥታ ማስተካከያዎችንም ያስቀራል። እርሾው በየወሩ እንዲታደስ ተወስኗል፤ መስመር ያልተገኘባቸው ወራት ግን ታልፈዋል፣ ኢሜጁም በዚያው ልክ አርጅቷል። የመጋዘኑ ማሽን ከውጭ ኢንተርኔት ጋር ስላልተገናኘ ለጊዜው አደጋው ጠባብ ነው። ዩኒየኑ የዕለቱን ግዢ ከሌላ ከተማ በኢንተርኔት ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ጠይቋል። ያ ከመፈቀዱ በፊት ባሕር ዳር ካለችው ልጅ ሌላ እርሾውን መሥራት የሚችል ሁለተኛ ሰው እንዲሠለጥን ለቡድኑ ሐሳብ ቀርቧል፤ ሥልጠናው ገና አልተጀመረም።